ላሟን የጠየቀው ደብዳቤ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ ከፍቶት ስለ ዳልኬ ዛሳ ሲወራ ሰማሁ። ዳልኬን የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን የዘፈናቸውን ዜማዎች አብዛኛውን የደረሰው እሱ ነው፤ ዛሬም እዚህ አርባ ምንጭ ሠርግ ያለ እሱ ዜማ አይደምቅም። ራዲዮው ላይ የቀረበው ምሁር ግን የሚያወራው ስለ ዜማው አልነበረም። ከአንድ የድሮ ቢሮ ሣጥን ውስጥ ስለተገኙ የፍቅር ደብዳቤዎች ነበር። "በጥንቃቄ መርምረናቸዋል" አለ። "የእጅ ጽሕፈቱ የደራሲው አይደለም። ቋንቋውም ለአንድ ታላቅ የጥበብ ሰው አይመጥንም። የፍቅር ደብዳቤ ብሎ ስለ ላም ጤንነት የሚጀምር ማን ነው? ያልታወቀ ጸሐፊ የፈበረካቸው ናቸው።"

ያልታወቀው ጸሐፊ እኔ ነኝ። እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው ቤቴ። ዕድርተኛው ያውቀኛል፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ያውቀኛል፣ ያበደረኝ ባለሱቅ እንኳ አሳምሮ ያውቀኛል። ምሁሩ አዲስ አበባ ተቀምጦ ወረቀት በማጉያ መነጽር ከሚያይ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ቢመጣ ኖሮ፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ያገኘው ሊስትሮ ቤቴ ድረስ ያመጣው ነበር። አልመጣም። ሳይጠይቁኝ ያልታወቀ አሉኝ። ስለዚህ ይኸው ራሴን ላሳውቅ።

ታደሰ እባላለሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት ፍርድ ቤት ደጃፍ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ በመጻፍ ነው። ይህ ሥራ ጡረታ የለውም፤ ዓይን ሲደክም ይቆማል። የኔ ዓይን ከመድከሙ በፊት ደግሞ ኮምፒውተር ቤቶቹ ደረሱ። አሁን ሰው ክሱንም ልመናውንም ከተዘጋጀ ፎርማት ላይ ስሙን ብቻ አስለውጦ ያወጣል። የሁሉም ሰው ሐዘን አንድ ዓይነት ሆኗል። ይሁን፣ ጊዜው ነው። የማይሆነው ግን የኛን ሥራ ምንነት ሳያውቁ በሥራችን ላይ መፍረድ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ክንፈ ይባላሉ። ጨንቻ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በነበረች ጊዜ እዚያ ፍርድ ቤት በር ላይ ይጽፉ ነበር። ቢሮዎቹ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ጠረጴዛቸውን በበቅሎ ጭነው ወረዱ፤ እኔም የጨንቻ ልጅ ነኝና ተከተልኳቸው። "ጨንቻ ብርዱ ጣት ያደርቃል፣ እዚህ ሙቀቱ ቀለም ያደርቃል" እያሉ ሁለቱንም ሲያሙ ኖሩ።

እንደሳቸው ያለ ጸሐፊ አላየሁም። ማመልከቻ ሲሆን እንደማንኛችንም ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የሚጽፉት። የግል ደብዳቤ ሲሆን ግን መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ በርጩማቸውን ያዞሩና ጀርባቸውን ለባለጉዳዩ ይሰጡታል። "ሰው ዓይን እያየው ልቡን አያወጣም" ይሉ ነበር፤ "ለጀርባ ግን ይናገራል።" እውነታቸውን ነው። ስንቱ ወታደር፣ ስንቱ ባል የሞተባት ሴት ለዚያ ጀርባ ሲናገር ሰምቻለሁ።

ዋናው ሕጋቸው ግን ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ በረድፉ የተቀመጥን ጸሐፊዎች ሁላችንም አንድ መክፈቻ ነበረን። "ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ብለን የማንንም ደብዳቤ እንጀምራለን። ጋሽ ክንፈ ይህን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። አንድ ጊዜ እኔ ገና ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ገበሬ ለሚስቱ "በቆሎው ደርሷል፣ ነይ" ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። ደረቀብኝና "ፊትሽ እንደ ጨረቃ ታየኝ" የሚል ጨመርኩበት። ጋሽ ክንፈ ወረቀቱን አንሥተው አነበቡና ገበሬውን ጠሩት።

"ጨረቃ ብለሃል?"

"ኧረ እኔ አላልኩም።"

"በቆሎ ብለሃል?"

"እሱን ብያለሁ።"

ወረቀቱን ለኔ መለሱልኝ። "ቅደደው። ሚስትየው ጨረቃውን ስትሰማ ሌላ ሰው የጻፈላት ይመስላታል። በቆሎውን ስትሰማ ግን ባሏ ነው የተናገራት። የሰውየውን ደብዳቤ ለሰውየው ተውለት።" ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ነገር አሳምሬ አላውቅም። የተናገረውን እጽፋለሁ፣ አነብለታለሁ፣ ተነሥቶ ሲሄድ እረሳዋለሁ። ስማችንን ወረቀት ላይ አናኖርም፤ ደብዳቤው የተናጋሪው ነውና። ለዚህ ነው ዛሬ ምሁሩ ያልታወቀ የሚለኝ። ሕጉን ስላከበርኩ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ የማመልከቻው ግርጌ ተለወጠ እንጂ ልመናው ያው ነበር። "ኢትዮጵያ ትቅደም" ያልተጻፈበትን መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሹም ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሹሞቹም ተፈራረቁ። አንዱ መሬት ላይ ተቀምጠን ከተማ እናስጠላለን ብሎ ያባርረናል፣ የሚተካው የራሱን የዕድገት ማመልከቻ ሊያጽፈን ይጠራናል። ጋሽ ክንፈ እግራቸው አብጦ ቤት ዋሉና በርጩማውን እኔ ወረስኩ።

ዳልኬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ እንኳ የሆነ ነገር የሚያንጎራጉር ሰው ነበር። እኔ በዝና አውቀዋለሁ፤ እሱ አያውቀኝም። አጠገቤ ቆመና "ጀርባህን የምትሰጠው አንተ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"እንግዲያው ስጠኝ።"

እጄን ታጥቤ ዞርኩለት። እንዲህ አለ፤ "ጻፍ። ለአስቴር። ዳለቻ ደህና ናት?"

"ዳለቻ ማን ናት?"

"ላሜ ናት።"

"መጀመሪያ አስቴርን አንጠይቃትም?"

"አስቴር ደህና ካልሆነች ላሟን ማን ያልባታል? ላሟ ደህና ከሆነች እሷም ደህና ናት። አንተ ዝም ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ። ዜማ ሲደርስ አገር የሚያስለቅሰው ሰው የፍቅር ደብዳቤው እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሁልጊዜ። በኛ በጨንቻ ደጋ እኮ ሰላምታ ከከብቱ፣ ከእንሰቱ፣ ከጎረቤቱ ዞሮ ዞሮ ነው ባለቤቱ ጋ የሚደርሰው። ለምትወደው ሰው ደግሞ ዙሩ ይረዝማል።

ዳልኬ ለምን በእጁ አልጻፈም የሚለኝ ካለ፣ አይችልም ነበር። የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ እግሩን ሸማ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መወርወሪያ ሲወረውር ነው ያደገው። ዜማውን የሚደርሰው በአፉና በክራሩ ነው፤ ግጥሙን የኪነት ቡድኑ ጸሐፊ እየሰማ ይገለብጥለታል። ይህን ቡድኑ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ነገር ግን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ምርቃት ሲደረግ ታዋቂ ሰው ተፈለገና መድረክ ላይ አቆሙት። ማንበብ ያለበትን በቃሉ አስጠንተውት ነበር። "ሦስት ገጽ አነበብኩ፣ አንድም ገጽ ሳልገልጥ" ብሎኝ አብረን ሳቅን። የምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሣ፣ ፎቶው ቢሮ ተሰቀለ። ያ ሳቅ በኋላ የሚያስከፍለንን ማን አወቀ።

የላሟን ታሪክ ቀስ በቀስ ከደብዳቤዎቹ ተረዳሁ። ዳልኬ የመጀመሪያ ጋቢውን ሠርቶ ሲጨርስ አባቱ አባባ ዛሳ በደስታ ጊደር ሰጡት። ቆይቶ እሱ ሸማውን ጥሎ ክራር ይዞ ሲወርድ አባትና ልጅ ተኳረፉ። ጊደሯን እየነዳ ይዟት ወረደና ምዕራብ ዓባያ ለሚኖሩ አቶ ማርቆስ ለሚባሉ ገበሬ እንዲያረቡለት ሰጣቸው፤ ወተቱ የሳቸው፣ የምትወልደው የጋራ ብለው ተስማሙ። አስቴር የኚህ ሰው ልጅ ናት። አቶ ማርቆስ የወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት አገልጋይ ነበሩ፤ ዘፈን ኃጢአት ነው ብለው ራዲዮ እንኳ ቤታቸው አያስገቡም። ዳልኬን የሚያውቁት ሸማኔ ነው ብለው ነው። እንግዲህ ዘፈን የማይሰሙት ሰውዬ የዘፋኝ ላም ሲያልቡ ኖሩ።

የደጋ ላም ቆላ ስትወርድ ያስፈራል። ዝንቡ አለ፣ ዝንቡ የሚያመጣው ገንዲ የሚባል የከብት በሽታ አለ። ዳልኬ በየደብዳቤው የሚጨነቀው ለዚህ ነው። አንዱን ደብዳቤ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ረሳሁት ብዬ ነበር፤ ያስታወሰኝ በኋላ የመጣው ጣጣ ነው።

"ዳለቻ ደህና ናት? ዝንቡ አልበዛባትም? ያ ወደ ጆሮዋ የታጠፈው ቀንዷ እንዳይወጋት ጫፉን በመጋዝ አስቆርጪላት። አንቺስ ደህና ነሽ? ትናንት የሰልፍ ዜማ አዘዙኝ፣ ሠራሁላቸው። እግር አለው፣ ልብ የለውም። ልብ ያለውን ላንቺ አስቀምጬዋለሁ። አባቴ ላሟን ለክራር ሸጣት ብለው ነግረውት ያዝንብኛል አሉ። አልሸጥኳትም። አንድ ቀን አንቺንም እሷንም ይዤ ወደ ደጋ እወጣለሁ። ያን ቀን ያያታል።"

ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ፤ ሲያለቅስ አላየሁም። ጋሽ ክንፈን ያመሰገንኩበት ቀን ነው።

አስቴር ሴት ልጅ ወለደች፤ ምሕረት ተባለች። አስቴር የልጇን አባት ስም ግን ለአቶ ማርቆስ አልናገርም አለች። ስሙን ብትጠራ ኖሮ እሷም ላሟም አብረው ነበር የሚባረሩት። አቶ ማርቆስ ከቤት አላስወጧትም፤ አያናግሯትም እንጂ። ዳልኬ የኪነት ቡድኑ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር እየተደበቀ ያያቸዋል። ከሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከአባቱና ከአቶ ማርቆስ፣ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ የቡድኑ መኪና የጨንቻን ቁልቁለት ሲወርድ ተገለበጠና ሞተ። ክፍለ ሀገሩ ሁሉ አለቀሰ። አስቴር ማልቀስ አልቻለችም፤ ምኑ ናት ብላ ታልቅስ?

ምሕረት ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ሲደርስ አስቴር ልጇን ይዛ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት መጣች። ትምህርት ቤቱ የአባት ስም ይጠይቃል፤ ለዚያ ደግሞ ዳልኬ ይኖርበት የነበረው ቀበሌ መመስከር አለበት። አስቴር ደብዳቤዎቹን በነጠላዋ ቋጥራ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አቀረበች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ በአባቷ ስም እንድትጠራ።

ነገሩ የኪነት ቡድኑን የሚመራው ካድሬ፣ ጓድ ሰይፉ፣ ጆሮ ደረሰ። ሰይፉ በዚያን ሰሞን የሟቹን ስም የሚያስጠራ ትርኢት እያዘጋጀ ነበር። ከማይምነት ተላቆ ለትግሉ የዘመረ፣ ከአብዮቱ ሌላ ወዳጅ ያልነበረው ጀግና ሊያደርገው ነው። በዚህ መሀል አንዲት የጴንጤ ልጅ "እግር አለው፣ ልብ የለውም" የሚል ደብዳቤ ይዛ ብቅ አለች። እንዴት ይቆጣ። ደብዳቤዎቹ ሐሰተኛ ናቸው፣ ሟቹን ለማዋረድ የተሠሩ ናቸው ብሎ ራሱ ሸንጎው ፊት ሊከራከር ተነሣ።

አስቴር ዛፉ ሥር መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

"ጋሽ ታደሰ፣ የጻፍከው አንተ መሆንህን ነግሮኛል" አለችኝ። "እሱ የለም። የቀረኸኝ አንተ ነህ።"

ምን ልበላት? የሰማነውን ለሌላ አናወራም የሚል የሥራችን ሕግ አለ። ወደ ጋሽ ክንፈ ቤት ሄድኩ። መደብ ላይ ተጋድመው ነገሩን እስከ ጫፉ ሰሙኝ።

"ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ የማን ነው?" አሉኝ።

"የተላከለት ሰው።"

"ታዲያ ባለቤቲቱ ተናገር ካለችህ እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ?"

ሸንጎው የተሰየመው በቀበሌው አዳራሽ ነው። አዳራሹ ቀድሞ የወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት ነበር፤ ተዘግቶባቸው ቀበሌው ወስዶታል። አግዳሚዎቹ እንኳ የነሱ ናቸው። ሰይፉ ሁለት ማስረጃ ይዞ መጣ። አንደኛው በመስተዋት የተለበጠ የአንድ ታዋቂ ዘፈን ግጥም ነው፤ ከሥሩ "በደራሲው የእጅ ጽሕፈት" ይላል። ሁለተኛው አባባ ዛሳ ናቸው። ልጁ ሚስትም ልጅም እንዳልነበረው ይመስክሩልኝ ብሎ ከጨንቻ በመኪና አስመጥቶ ከፊት አስቀምጧቸዋል። ሽማግሌው ራሳቸው የሠሩትን ጋቢ ለብሰው፣ በሙቀቱ እያላባቸው፣ አስቴርን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ልጃቸውን ልታዋርድ የመጣች ሴት ናት ተብለዋል።

ሰይፉ ደብዳቤዎቹንና በመስተዋት ያለውን ጽሕፈት ጎን ለጎን ያዘ። "ተመልከቱ፣ ጓዶች። ሁለት የተለያየ እጅ ነው።"

ያን ጊዜ ተነሣሁ። "ሁለቱም የዳልኬ እጅ አይደለም" አልኩ። "ይህኛው የኔ ነው፤ እየነገረኝ የጻፍኩት። በመስተዋት ያለው የቡድናችሁ ጸሐፊ እጅ ነው፤ እየነገረው የጻፈው። ዳልኬ መጻፍ አይችልም ነበር።"

የቡድኑ ጸሐፊ እዚያው ተቀምጧል። ዓይኔን በዓይኑ ፈለግሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ሰይፉ ፈገግ አለ። "በጣም ጥሩ። ጓድ ታደሰ በእጄ ነው የጻፍኩት ብሎ አመነ። ማን እንዳጻፈው ግን ሟቹን ልንጠይቀው አንችልም። ተከሳሿ ናት ያጻፈችው። አብዮቱ የምስክር ወረቀት የሰጠውን ሰው ደግሞ ማይም ነው ብሎ ሰደበልን። ወይስ አብዮቱ ዋሽቷል ልትል ነው?"

አስቴር ከሳሽ ሆና መጥታ በአንድ አፍታ ተከሳሽ ሆነች። ላድናት ብዬ ገደል አፋፍ ላይ አቆምኳት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የወደቅሁበት ቀን የለም። ያውም ስለዋሸሁ አይደለም። እውነቱን በጠራ አማርኛ ተናግሬ፣ እውነቱ ራሱ ገመድ ሆኖ የልጅቱ አንገት ላይ ገባ። በየትኛው አገር ነው ለእውነት የመሰከረ ሰው የውሸት ማስረጃ ተደርጎ የሚቆጠረው?

ሰይፉ አልጠገበም። ለመሳቂያ ብሎ የሸንጎውን ጸሐፊ "እስኪ አንዱን አንብብልን" አለው። ጸሐፊው አንሥቶ "ዳለቻ ደህና ናት?" ብሎ ሲጀምር ሰው ሳቀ።

"ይህች ላም ማን ናት?" አለ ሰይፉ። "የፍቅር ደብዳቤ ላም ትጠይቃለች? ወይስ የድብቅ ድርጅት ስም ነው? ሌሎቹንም ይዤ መርምሬአለሁ፤ ሁሉም ላይ አለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።" ሰው አሁንም ሳቀ። ጸሐፊውም እየሳቀ ንባቡን ቀጠለ። ዝንቡን አነበበ። የታጠፈውን ቀንድ አነበበ።

አባባ ዛሳ ከግድግዳው ዞሩ። "ቆይ" አሉ። "ቀንዱ ወዴት ነው የታጠፈው?"

"ወደ ጆሮዋ ይላል፣ አባባ።"

"ቀጥል።"

ጸሐፊው ቀጠለ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "አባቴ ላሟን ለክራር ሸጣት ብለው ነግረውት ያዝንብኛል አሉ። አልሸጥኳትም" የሚለው ጋ ሲደርስ ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ። የደጋ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው እንደ ልብ አይደለም። ንግግራቸውን ግን አንድም ሰው አላቋረጠም።

"ላሙ የኔ ነው" አሉ። "እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሸጠው ብለው ነገሩኝ። እኔም አመንኩኝ። ልጄ ሲሞት እንኳ በሆዴ ይዤበት ነበር።" ወደ አስቴር ዞሩ። "ልጄ፣ ላሙ አለ?"

"አለች፣ አባባ" አለች አስቴር። "ቀንዷንም አስቆርጬላታለሁ። አራት ወልዳለች።"

"አባባ" አለ ሰይፉ፣ "ጽሕፈቱ የልጅዎ አይደለም እኮ። ተመርምሯል።"

"ጽሕፈት እኔ አላውቅም" አሉት። "ልጄም አያውቅም። ሰው ከብቱን ያሳደረበት ቤት ግን ቤቱ ነው። ይሄን አውቃለሁ።"

ሰይፉ ያስመጣቸው ምስክር የምስክር ወረቀቱን በገዛ አፋቸው ቀደዱት። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ስብሰባው እንዲቋረጥ አደረገ።

ታዲያ እውነት ወጣ፣ ልጅቱ ስሟን አገኘች ብዬ ልጨርስ? ኧረ ወዲያ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሸንጎው ውሳኔውን አነበበ። ደብዳቤዎቹ የሟቹ አይደሉም፤ ለተጨማሪ ምርመራ ተይዘዋል፤ ጥያቄው ውድቅ ነው። የአባባ ዛሳ ቃል አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ሽማግሌውን መንካት ነውር ሆነባቸውና አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ወደኔ ዞሩ፤ ከዛፉ ሥር ተነሥቼ ብዙ ጊዜ ገበያ መሀል ስጽፍ ኖርኩ። አስቴር ደብዳቤዎቹን መልሳ አላየቻቸውም። ራዲዮው የሚያወራው ስለ እነዚያው ነው። ምሁሩ የመረመረው የሰይፉን ምርመራ ነው፣ የጠቀሰው የሰይፉን ሳቅ ነው፣ ያስተያየውም በመስተዋት ካለው ከዚያው ከቡድኑ ጸሐፊ እጅ ጋር ነው። ካድሬው ፈርቶ የዋሸውን ምሁሩ ሳይፈራ ይደግመዋል። የትኛው ይብሳል?

አባባ ዛሳ በቀጥታ ወደ ጨንቻ አልተመለሱም። ከአዳራሹ እንደወጡ ምዕራብ ዓባያ ሄደው ላሟን አዩ። ከአቶ ማርቆስ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አስቴር የነገረችኝ ሁለቱ ሽማግሌዎች ላሟ አጠገብ ቆመው ሲውሉ አንዱም ስለ ዘፈን እንዳላነሣ ነው። ከዚያ አስቴርንና ምሕረትን ይዘው ገበያው መሀል ካለሁበት መጡ።

"ለትምህርት ቤቱ ጻፍልኝ" አሉኝ።

እጄን ታጠብኩ። በርጩማዬን አዞርኩ።

"ጻፍ። ለትምህርት ቤቱ ሹም። ከብቶችህ ደህና ናቸው?"

ጻፍኩት። አንዲት ፊደል አላሳመርኩም።

ርዕሰ መምህሩ ከሰሜን የመጣ ሰው ነበር። ወረቀቱን አንብቦ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው፤ ሳቁን ዋጥ ሲያደርግ አይቻለሁ። "ከብት የለኝም፣ አባባ" አላቸው። "እኔ ግን ደህና ነኝ።" ቀጥሎ የቀበሌ ወረቀት ጠየቀ። የለም አልነው፤ የሸንጎውን ውሳኔም አልደበቅነውም። ወረቀቱን ደግሞ አነበበ። እንጀራው አለበት፣ ሰይፉ አለበት።

"እርስዎ ምኗ ነዎት?" አላቸው በመጨረሻ።

"አያቱ ነኝ" አሉ ምሕረትን ወደ ጋቢያቸው ስብስብ አድርገው።

ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ከፈተና ወደኔ ገፋው። "እጅህ ያምራል። አንተ ጻፈው" አለኝ። ፈርቶም ይሁን አክብሮ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዕሩን ይዤ፣ ሳይነግሩኝ አልጽፍምና፣ ሽማግሌውን ጠበቅሁ።

"ምሕረት" አሉኝ።

ጻፍኩ።

"ዳልኬ።"

ጻፍኩ። ከዚያ የራሳቸው ስም ቀረ። ልጅቱን አዩና ቀስ ብለው "ዛሳ" አሉ።

ያንንም ጻፍኩ። መዝገቡ ዛሬም ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ፤ ጽሕፈቱ የኔ ነው፣ ቃሉ የሳቸው። ምሁሩ ይምጣና ይመርምረው፤ ይህንንም ያልታወቀ ጸሐፊ የፈበረከው ነው ካለ፣ ምሕረት ዳልኬ ዛሳ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናትና ፊቷ ቆሞ ይንገራት።